እንግዶቹ እስኪሄዱ

ሳሊሀ ከሳውዲ ተጠርዛ ስትመለስ ልጇ የት እንዳለች የሚያውቀው ወንድሟ ኡበይድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቶሎ አልነገራትም። ከቦሌ ደውላ «ሀናንን አቅርብልኝ፣ ድምጿን ልስማ» ስትለው «መጀመሪያ አገርሽ ግቢ፤ የቀረውን ቤት እንነጋገራለን» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ዋጃ ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ ከድርቁ ዓመት በኋላ ብዙም ሳትቆይ እንደሞተች ያኔውኑ ሰምታ፣ ማዳሟ ሳታያት መታጠቢያ ቤት ገብታ አልቅሳ ወጥታለች። አሁን ቤቱን ስታገኘው ጎረቤት ፍየል አስሮበታል። ልጅ የለም።

«ቆቦ ናት» አለ ኡበይድ እዚያው ደርሶባት፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። «ማሳደጊያ።»

«የምን ማሳደጊያ?»

«እናት አባት የሌላቸው ልጆች የሚያድጉበት።»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

እናታቸው ስትሞት ኡበይድ አፋር በረሃ የመንገድ ሥራ ላይ ነበር። ጎረቤቱም ለራሱ ልጆች የሚያቀምሰው አጥቶ ነበርና ቀበሌው «ለጊዜው» ብሎ ትንሿን ልጅ ቆቦ ላካት። ያ ለጊዜው ሦስት ክረምት ሆነው። ኡበይድ በስልክ «ሀናን ደህና ናት፣ ትማራለች» ይላት የነበረው ውሸት አልነበረም። ሳሊሀ ግን ልጇ የኡበይድ ሚስት ጋ ያለች መስሏት ነበር።

እኔ ሳሊሀን ያወቅኋት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ዋጃ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ሻይ ስትሸጥ። ታሪኩን ያጫወተችኝም በአንድ ቀን አይደለም። ከዋጃ ወጣ ብላ ባለች መንደር ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተድራ፣ ሀናንን ወለደች። ባሏ ሙህሲን ጅቡቲ ወደብ እሠራለሁ ብሎ ወጥቶ ወሬው ጠፋ። ልጅቷን ጡት ካስጣለቻት ብዙም ሳትቆይ እሷም ከመንደሩ ሴቶች ጋር ባሕር ተሻግራ በየመን በኩል ጂዛን ገባች። እዚያ ሦስት የሰው ልጆች አሳደገች። ሦስቱንም በስማቸው እየጠራች፣ እያጎረሰች፣ እያስተኛች። «የራሴ ልጅ ምን ትወዳለች ቢሉኝ አላውቅም» ትላለች። «የማዳሜ ትንሿ ልጅ ግን እንቁላል ያለ ቲማቲም አትበላም።»

በማግስቱ ቆቦ ሄደች። ማሳደጊያው ከከተማው ዳር፣ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ባለ ብዙ ቀለም የእጅ አሻራ ተረጭቷል፤ በየዓመቱ የሚመጡ እንግዶች ያተሙት ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙሉጌታ በትሕትና ተቀብሎ አስቀመጣት። ነገሩን ሲሰማ ከልቡ ደስ አለው፤ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ፈጣሪውን አመሰገነ። ከዚያ ሀናንን አስጠራት።

የመጣችው ልጅ ረዥም ቀጭን ናት። ሳሊሀ ልታቅፋት ብድግ ስትል ልጅቷ እንዳስተማሯት ሥርዓት ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ በግራዋ ክንዷን ደገፍ አድርጋ ጨበጠቻት።

«ደህና ነዎት?» አለቻት።

«ሀናን፣ እናትሽ ናት እኮ» አለ አቶ ሙሉጌታ።

ልጅቷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች። «እሺ» አለች። ከዚያ «መዝሙር እየተለማመድን ነው» ብላ ሮጠች። ከደጅ ሌሎቹ ልጆች «ሃና! ሃና!» እያሉ ሲጠሩ ሳሊሀ ትሰማለች።

«ሃና የምትሏት ማንን ነው?»

«ለእንግዶቹ እንዲቀልላቸው ነው» አለ አቶ ሙሉጌታ። ቀጥሎም የሚከብደውን ነገር ተናገረ። «ልጅሽን ትወስጃታለሽ፤ መብትሽ ነው። ግን የቀበሌ ደብዳቤ፣ ምስክር፣ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ ፊርማ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በሐምሌ ከካናዳ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ይመጣሉ። በመዝሙሩ ከፊት የምትቆመው ሀናን ናት፤ ፎቶዋም ሄዷል። እንግዶቹ ይሂዱና በሰላም እንጨርሰዋለን።»

ሳሊሀ ወደ ወረዳው ሄደች። ባለሙያዋ ስልጠና ላይ ናት፣ ደሴ። ተመልሳ ሄደች። ስልጠናው ተራዝሟል። በሌላ ሳምንት ስትሄድ ደግሞ ማኅተሙ የተቆለፈበት ቁልፍ ከባለሙያዋ ጋር ደሴ ነው አሏት። ቀበሌው ምስክር አምጪ አላት፤ አመጣች፤ የመጡት ዘመዶች ስለሆኑ አይሆንም አላት። እዚያው ቆቦ የአንድ ዘመድ ጓዳ ተጠግታ ከረመች። ጠዋት ተነስታ ማሳደጊያው በር ላይ ትቆማለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ያስገቧታል።

መላ ያመጡት የማሳደጊያው ትልቋ ሞግዚት እትዬ አበበች ናቸው። «እንግዶች ሲመጡ ሥራው አይቻልም» አሏት። «ልብስ አጣቢ እንፈልጋለን። ግቢና እጠቢ። ከልጅሽም ትለማመጃለሽ።» አቶ ሙሉጌታ ተስማማ፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቃት።

«እናቷ ነኝ ብለሽ ለእንግዶቹ እንዳትናገሪ። ግራ ይገባቸዋል።»

«እኔስ ግራ አልገባኝም?»

«ለጥቂት ቀን ነው፣ ሳሊሀ።»

ዋጥ አደረገችው። ስታጫውተኝ፣ ባሕር ስትሻገር ከዋጠችው የጨው ውኃ ይህ ይመርር ነበር አለችኝ።

እንግዶቹ በኮስተር መጡ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ካናቴራ ለብሰው። ከሃያ ብዙም ያላለፉ ልጆች ናቸው፤ ፊታቸው በቆላው ፀሐይ ቀልቶ፣ የታሸገ ውኃ በየእጃቸው ይዘው። ክፉዎች አልነበሩም። ይስቃሉ፣ ልጆቹን በትከሻቸው ይሸከማሉ፣ የተሰጣቸውን ሁሉ «ጥሩ ነው» ብለው ይበላሉ። ሥራ ስጡን አሉ። አምና የተቀባው ግድግዳ ዘንድሮም ተቀባ። ከአጥሩ ሥር ችግኝ ተከሉ፤ እትዬ አበበች ውኃው በዚያ በኩል ነው የሚወርደው ቢሉም የሚያስተረጉመው ቢኒያም ይህን ለእንግዶቹ አልነገራቸውም። በማግስቱ ከተራራው የመጣው ጎርፍ ችግኙን ጠራርጎ ወሰደው። እንግዶቹ ፎቶውን አንስተው ጨርሰው ነበር።

ከሁሉም ሀናንን የወደደቻት ክሌር የምትባል ፀጉረ ቀይ ልጅ ናት። ጠዋት ሀናን ከክሌር ጀርባ ላይ ናት፤ ማታ ክሌር ጭን ላይ። አንድ ቀን ሳሊሀ የማጠቢያውን ሳፋ ትታ ቅቤና ማበጠሪያ ይዛ ልጇን ጠራቻት።

«ነይ ፀጉርሽን ልሥራሽ።»

«ክሌር ትሠራኛለች።»

«እሷ አትችልም። ነይ።»

«ትችላለች» አለች ሀናን፤ ቃሏ ለስላሳ ነው፣ ግን አልቀረበችም። ክሌር የሠራችው ጉንጉን እስከ ምሳ ተፈትቶ ፀጉሯ ቆሞ ዋለ። ሳሊሀ የዚያን ቀን የፈረንጆቹን ልብስ እስኪያልቅ አሸችው፤ አንዱን ካናቴራ ቀደደችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ለእንግዶቹ የማስተዋወቅ ፕሮግራም ነበር። እንግዶቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። አቶ ሙሉጌታ እያንዳንዱን ልጅ በትከሻው ይዞ ስሙንና ታሪኩን ይናገራል፤ ቢኒያም ያስተረጉማል። ሳሊሀ የተቆረጠ ፓፓያ በትሪ ይዛ እያዞረች ነው። የሀናን ተራ ደረሰ።

«ይቺ ሃና ናት» አለ አቶ ሙሉጌታ። «አያቷ ከድርቁ በኋላ ሞቱ። አሁን ማንም የላትም። ቤተሰቧ እኛ ነን።»

ቢኒያም ሲያስተረጉም እንግዶቹ በአንድነት የሐዘን ድምፅ አሰሙ። ክሌር ተነስታ ሀናንን አቅፋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

ሳሊሀ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አጮኸችው። ጂዛን ሳለች ሲከፋት ማንም አይሰማኝም ብላ በአማርኛ ታጉረመርም ነበር። አሁን ባገሯ ሆና ያው አመሏ መጣባትና፣ ማንም አይሰማኝም ብላ በዓረብኛ ተናገረች።

«አነ ኡምሃ» አለች። «እኔ እናቷ ነኝ። ያ ረብ፣ አምላኬ፣ እኔ እዚህ ቆሜ!»

ከእንግዶቹ መሀል አንድ ጠይም ወጣት ዞረ። ኤሊያስ ይባላል፤ ወላጆቹ ከሊባኖስ ወደ ካናዳ የሄዱ ናቸው።

«ምን አልሽ?» አላት በዓረብኛ።

ሳሊሀ ደነገጠች። የሱ ዓረብኛ ለስለስ ያለ ነው፤ የሷ የጂዛን ጓዳ ዓረብኛ። ግን ይግባባሉ። ወደ ማጠቢያው ሄደች፤ ተከትሏት መጣ።

«እናቷ ነሽ? ታዲያ ማንም የላትም ለምን ይላሉ?»

«ያሉትን ጠይቃቸው።»

«እየጠየቅኩሽ ያለሁት አንቺን ነው።»

እጇን ከሳሙናው ሳታወጣ ነገረችው። ባሕሩን፣ ጂዛንን፣ የእናቷን ሞት፣ ቁልፉ ደሴ የቀረውን ማኅተም። ወጣቱ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሰማት። ሲነሳ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

ኤሊያስ የሰማውን ለቡድኑ ነገረ፤ ማምሻውን አቶ ሙሉጌታ ሳሊሀን ቢሮው አስጠራት። በሩን ዘጋ።

«ምን አደረግሽን? እነዚህ ሰዎች አታላይ ብለውን ቢሄዱ የዚህን ሁሉ ልጅ ምግብ ከየት አመጣለሁ? ንገሪኝ!»

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ የማንንም ልጅ ምግብ አልከለከልኩም። ልጄ ናት ነው ያልኩት።»

«ጥቂት ቀን መታገሥ አቃተሽ!»

«ስንት ዓመት ታገሥኩ፤ በማን ቤት እንደታገሥኩ ያውቃሉ?»

አቶ ሙሉጌታ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ሳሊሀም ይህን ታውቃለች። የመረራትም ይኸው ነው፤ ልትጠላው የምትችለው አንድ ሰው እንኳ እዚያ ግቢ ውስጥ አላገኘችም።

በማግስቱ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። የቡድኑ መሪ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ዕንባው ፊቱን አርሶት መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ወጣቶቹ ከቁርስ በፊት ተሰብስበው ስለሷ ጸልየዋል። ቁጣ የለም፤ እንዲያውም የመጡበት ትርጉም የተገለጠላቸው አሁን ነው። ሐሳብ አላቸው፤ በመሰነባበቻው ቀን እናትና ልጅ በሁሉ ፊት ይገናኙ፤ ኬክ ይቆረስ፤ አዲስ ፍራሽ፣ ቦርሳና ልብስ ይሰጣቸው። ቪዲዮውም ካናዳ ላሉት ይታይ። አቶ ሙሉጌታ ፊቱ ተፈታ። ባለሙያዋ ፈሪሀም በዚያው ሰሞን ከደሴ ትመለሳለችና ፊርማው በዚያው ቀን እንዲሆን አስባለሁ አለ።

ሳሊሀ ለፊርማው ስትል እሺ አለች።

ለመገናኘቱ ደግሞ ልምምድ ተያዘለት። ሳሊሀን ከበሩ ውጭ አቆሟት። ሀናንን ከኒሙ ዛፍ ሥር አቆሟት። በሩ ሲከፈት ልጅቷ «እማዬ!» ብላ ትሮጣለች፤ እናቲቱ ተንበርክካ ትቀበላታለች። ስልኮች ተደገኑ። በሩ ተከፈተ። ሀናን ሮጠች፤ መሀል ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ዞራ ክሌርን አየቻት። ክሌር በእጇ «ሂጂ፣ ሂጂ» አለቻት። ልጅቷ መጥታ የሳሊሀን አንገት ያዘች፤ ገላዋ እንደ ደረቅ እንጨት ነው።

«ጥሩ ነው» አለ ቢኒያም። «አንዴ ብቻ ትድገመው። ‹እማዬ› ያለችው አልተሰማም።»

ሀናን ወደ ዛፉ ተመለሰች። ሳሊሀ ግን ከተንበረከከችበት ተነስታ ወደ ኤሊያስ ሄደች።

«ተርጉምልኝ» አለችው በዓረብኛ። «ሳትቀንስ ተርጉም። ልጄ አታውቀኝም። የምትሮጠው ሩጪ ስላላችኋት ነው። እማዬ የምትለው በይ ስላላችኋት ነው። እኔ ገና የምትበላውን አላውቅም፤ ማታ ምን እንደምትፈራ አላውቅም። ስልኮቹን አስቀምጡልኝ።»

ኤሊያስ ተረጎመ። ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የቡድኑ መሪ ግራ ገብቶት አንድ ነገር ተናገረ።

«ካንቺ ጋር ልንደሰት ነው የፈለግነው ይላል» አላት ኤሊያስ።

«እኔ ገና አልተደሰትኩም። ልጄ እኔን ለምዳ፣ እኔም እሷን ለምጄ፣ ደስ የሚለን ቀን ሲመጣ ብቻችንን እንደሰታለን።»

ክሌር ማልቀስ ጀመረች። ምን ላድርግ አለች በኤሊያስ በኩል፤ እወዳታለሁ እኮ።

«እሷ ፊት አታልቅሺ» አለቻት ሳሊሀ። «ስትሄጂም ተመልሼ እመጣለሁ አትበያት።»

«እመጣለሁ እኮ!»

ይህን ቢኒያም ለሁሉም በአማርኛ ሲያስተረጉመው እትዬ አበበች ከኋላ ሰሙ። «ያምናዋም እንዲሁ ብላ ነበር» አሉ። ይህን ግን ቢኒያም አላስተረጎመውም።

የመገናኘቱ ዝግጅት ተሰረዘ። ኬኩ ብቻ ተቆረሰ። እንግዶቹ ከዚያ በኋላ ከሳሊሀ ጋር ሲያወሩ ይጠነቀቁ ነበር፤ አንዳንዶቹም እንደ በደለቻቸው ያይዋታል። ፈሪሀም ከደሴ ሳትመለስ መሰነባበቻው ደረሰ። ክሌር ኮስተሩ ላይ ከመውጣቷ በፊት ጎንበስ ብላ በሀናን ጆሮ አንድ ነገር አለች። መኪናው ሲሄድ ልጆቹ በሩ ላይ ተንጫጩ፤ ትንንሾቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ አለቀሱ። እትዬ አበበች እያንዳንዱን ከአቧራው ያነሳሉ፤ በየዓመቱ ሥራቸው ነው። ሀናን አላለቀሰችም። መንገዱን እያየች ቆማ ዋለች፤ ምሳም አልበላችም።

«ምን አለችሽ?» ብላ ጠየቀቻት ሳሊሀ።

«ለገና እመጣለሁ አለች።»

ሳሊሀ የታጠበውን አንሶላ ሁሉ ከገመዱ ላይ አውርዳ እንደገና ሳፋው ውስጥ ዘፈቀችው። ለምን እንዳደረገችው እሷም አታውቅም።

ፈሪሀ ከደሴ ተመልሳ በአንድ ተራ ቀን፣ ቢሮዋ ውስጥ፣ ቆማ ፈረመች። ደብዳቤውን ገለጥ ገለጥ አድርጋ «ይህ ሁሉ ጊዜ ለምን ቆየ?» አለች።

«እንግዶች ነበሩ» አለች ሳሊሀ። «እርስዎም ስልጠና ነበሩ።»

ፈሪሀ አፍራ ማኅተሙን አጥብቃ መታችው።

በሚኒባስ ወደ ዋጃ ሲሄዱ ሀናን በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ እንግዶቹ የሰጧትን ቦርሳ አቅፋ። ማሽላው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከሰው ቁመት በላይ ደርሷል።

«እዚያ ቴሌቪዥን አለ?»

«የለም።»

«መብራትስ?»

«አንዳንዴ ይመጣል።»

ሀናን ዋጃ እስኪደርሱ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

ቤቱን አብረው ጠረጉት፤ የፍየሉን በጠጥ አወጡት። ሀናን ለሳሊሀ «እቴ» ትላታለች፤ ማሳደጊያው ውስጥ ለሠራተኛ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚባለው። ምግብ ታስተርፋለች፣ ስትጠየቅ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ትወጣለች። ሳሊሀ አንዳንዴ ትታገሣለች፤ አንዳንዴ ትጮህባታለች፤ ከጮኸችባት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ራሷን ትረግማለች።

መስከረም ላይ አቶ ሙሉጌታ ደወለ። ድምፁ ደስተኛ ነው። የክሌር ቤተ ክርስቲያን ሀናንን ለማስተማር ወስኗል፤ እስክትጨርስ፤ ልብሷን፣ ሕክምናዋን፣ ሁሉንም።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሳሊሀ።

«ታዲያ ትምህርት ሳይጀመር ብታመጫት ጥሩ ነው።»

«የት?»

«እኛ ጋ ነዋ። ድጋፉ የሚመጣው ማሳደጊያው ውስጥ ላለች ልጅ ነው።»

«እኔ ቤት ላለች ልጅ አይሆንም?»

«አሠራሩ አይፈቅድም፣ ሳሊሀ። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ወላሂ ብልሽ ይሻላል?»

«እናት ከሌላት ያስተምሯታል፤ እናት ካላት ግን አያስተምሯትም። እንዲህ ነው?»

«እንደዚያ አትበይው» አለ አቶ ሙሉጌታ። ሌላ ምን እንደሚባል ግን አልነገራትም።

ወዲያው እምቢ አላለችም። ይህን እንድጽፍላት ራሷ ነግራኛለች፤ ጀግና እንዳታደርገኝ አለችኝ። ሻዩን ገና አልጀመረችም፤ የሚበላው የኡበይድ ማሽላ ነው፤ እሱም ገና እርሻ ላይ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ አሰበች። ኡበይድ «ውሰጃት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቂያታለሽ» አላት። ሀናንን ራሷን ልትጠይቃት ፈለገችና መልሱን ፈራች። በመጨረሻ ደውላ «አላመጣትም» አለች። ልክ መሆኗን ዛሬም እርግጠኛ አይደለችም፤ ሲያናድዳትም የሚኖረው ይህ ነው። የልጇን ትምህርት ቆርጣለች ወይስ ልጇን አትርፋለች፣ የሚነግራት የለም። ክሌር ለገና አልመጣችም፤ ሀናንም ስሟን ማንሳት ተወች።

ከዚያ በፊት ግን፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ግሪሳ ወረደ። ሰማዩ እንደ ጢስ ይጠቁርና ወፉ እርሻው ላይ ይደፋል። መንደሩ ሁሉ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል፣ ማማ ላይ ወጣ። ሳሊሀና ሀናንም በኡበይድ እርሻ ማማ ላይ ዋሉ። ሀናን በመዝሙር የተገራ ጉሮሮ አላት፤ ስትጮህ የጎረቤት እርሻ ወፍ ሳይቀር ይነሳል። ሳሊሀ ወንጭፍ ከያዘች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ አዙራ ስትለቀው ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄዶ የኡበይድን ጀሪካን በሳ።

ውኃው እየተንፎለፎለ ሲወርድ ሀናን አየችው። ሳቋ መጣ። ማማው እስኪነቃነቅ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። ሳሊሀ ያን ሳቅ ሰምታው አታውቅም ነበር። ልትስቅም ልታለቅስም ፈለገች፤ ኡበይድ ደግሞ ከታች ይሳደባል።

«ሳሊሀ! በዚያ በኩል ገቡ!» ብላ ጮኸች ሀናን ተነስታ፤ በስሟ እንደ እኩያዋ እየጠራቻት።

ሳሊሀ ድንጋይ ለቅማ ወደዚያ ሮጠች።